ጉርሻውን ልጁ ይስጥ፣ ካሜራው ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ካፌም ሆነ ምግብ ቤት ስገባ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ወላጆች ሒሳብ ከፍለው ሲነሡ ጉርሻውን በልጃቸው እጅ ያሰጣሉ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው "ደግነት ይልመድ ብዬ ነው" ይሏችኋል። ጥሩ አደረጉ። ልጅ "ግዙልኝ፣ አምጡልኝ" ብቻ እያለ ከሚያድግ ለሌላ ሰው መስጠትንም ከትንሽነቱ ቢለምድ ምን ይከፋል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። አሰጣጡን ሳይ ግን ቅር ይለኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በቀደም ዕለት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከጎናችን አንድ ቤተሰብ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው የምትባል ልጅ አለቻቸው። አባትየው 100 ብር አስያዛትና ስልኩን አወጣ። "ሂጂ ስጫት! ቆይ፣ ቆይ፣ ወደዚህ ዞር በይ።" አስተናጋጇ ከሌላ ጠረጴዛ ያነሣችውን ትሪ ተሸክማለች፤ ትሪው ላይ አጥንት የሞላበት ሳህን፣ የተጋደሙ ጠርሙሶች፣ የሚጥሚጣ ማቅረቢያ ተደራርቧል። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። ልጅቷ ብሩን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። "ኪሷ ውስጥ ክተቺላት!" አለ አባት። ከተተችላት። ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበ። አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ለካሜራው ፈገግ ብላ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እደጊ" አለች። ልጅቷ ሮጣ ወደ አባቷ ተመለሰችና "በደንብ ወጣሁ?" ብላ ስልኩን ለማየት ተንጠራራች።

የልጅቷ ጥፋት የለበትም። ልጅ ያሳዩትን ነው የሚያየው። ያሳዩዋት ደግሞ መስጠት ማለት ሲቀረጽ የሚያምር ነገር እንደሆነ ነው። ያቺ ሴት ትሪ ተሸክማ እንደቆመች፣ ክንዷ እንደዛለ፣ እንደማንኛውም ሰው ስም እንዳላት ልብ እንድትል የነገራት ሰው አልነበረም። ያ ቪዲዮ ደግሞ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። አስተናጋጇን ማን ፈቃድ ጠየቃት? አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ ቢሮ ነው የምትሠራው ብለው የሚያስቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ለአንድ መቶ ብር ብላ ፊቷን ለሕዝብ አልሸጠችም።

ከዳር ሆኜ ለመተቸት አይደለም። ትዳር ሳልይዝ በፊት እኔም አስተናጋጅ ነበርኩ። ቤቱን መጥራት አያስፈልግም፤ ሌላው ቤትም ከዚያ ብዙ የተለየ አልነበረም። ብርጭቆ ከተሰበረ ይቆረጥብናል። ደንበኛ ሳይከፍል ሹልክ ካለም ይቆረጥብናል። ማታ ሲዘጋ የቀኑ ቲፕ አንድ ላይ ይወጣና ይቆጠራል፤ ለባር ቤቱ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለሳህን አጣቢዋ ይከፋፈላል። ሳህን አጣቢዋን ደንበኛ አይቷት አያውቅም፤ እሷ ግን እጇ በሳሙና እየተላጠ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆማለች፣ የእሷ ድርሻም ሁልጊዜ ትንሿ ናት። ደመወዝ የምንለው የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ታክሲው፣ ቁርሱ፣ ለእናት የምትላከው ነገር፣ ይኼ ሁሉ የሚወጣው ከዚያች ጉርሻ ነበር። ሰው ስጦታ ሲያገኝ ይደሰታል፤ እኛ ጉርሻ ስናገኝ "ተመስገን፣ ነገም እገባለሁ" ነበር የምንለው።

የሕጉንም ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይመስለኛል። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው በአገራችን "ከዚህ በታች አይከፈለውም" የሚባል አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ነገር ግን ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ እንጂ አስተናጋጇ ዘንድ የደረሰ ቁጥር የለም። ያው አዋጅ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ስለዚህ ስትታመም፣ ስትወልድ፣ ሥራ ስትለቅ የሚሰላላት በዚያች በትንሿ ደመወዝ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ ደረሰኙ ላይ 15 በመቶ የሚል ሲያይ "ይኸው ጨምሬ ከፍዬ የለ!" ይላል። እሱ ቫት ነው ጌታዬ፣ ለመንግሥት ነው የሚገባው። ትልልቅ ሆቴሎች የሚጨምሩት ሰርቪስ ቻርጅ ሌላ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ምሳ የምንበላበት ቤት ግን እሱም የለው።

ዋጋውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። ማኪያቶው ጨመረ፣ ክትፎው ጨመረ፣ ጉርሻው ግን ያው 10 ብር ላይ ቀረ። ሰው 800 ብር በልቶ 10 ብር አስቀምጦ ሲነሣ በልቡ ሰጥቻለሁ ብሎ ነው የሚወጣው። እኔ ይህን ያህል በመቶ ስጡ አልልም፤ አገራችን እንዲህ ያለ የተቆረጠ ልማድ የለንም፣ ኪስም ይለያያል። ግን የበላነው ሲጨምር እሷም ጨምራ እንደምትበላ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህን ለልጅ እንዴት ያስረዱታል? በአጭሩ ነው። እኔ ለልጆቼ የምላቸው "እሷ ሠርታለች፣ እኛ በልተናል፣ ይኼ የእሷ ነው" ብቻ ነው። "እዘንላት"፣ "ምስኪን ናት" አልላቸውም። ምስኪን ናት ያላችሁት ቀን ልጁ ራሱን ከእሷ በላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ለማውረድ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ምጽዋት መስጠትም ጥሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም መስጊድ በርም ላይ ልጆች ሲሰጡ ደስ ይለኛል። እሱ ግን ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ ነው። አስተናጋጅ፣ ፀጉር አጣቢ፣ ነዳጅ ቀጂ፣ መኪና ጠባቂ፣ እነዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ካደባለቅነው ልጁ የሚሠራን ሰው ሁሉ እንደ ለማኝ ማየት ይጀምራል። ሃይማኖቶቻችንም ይህን ይለያሉ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ይላል፤ በእስልምናም ለሠራተኛ ዋጋውን ላቡ ሳይደርቅ ስጡት የሚል ሐዲስ አለ። ሁለቱም ቦታ የተነገረው ስለ ዕዳ ነው።

ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ፊት ይቅደም። አስተናጋጅ የሚጠራበትን መንገድ እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ትልቁ ሰው በጭብጨባ ይጠራል። ሌላው "ፕስ" ይላል። ልጆቹም ያንኑ ይዘው የአያታቸው እኩያ የሆኑትን ሰውዬ "አንተ፣ ለስላሳ አምጣ!" ይላሉ፤ ወላጅ ደግሞ "አይ የእኔ ልጅ፣ አፉ!" ብሎ ይስቃል። ያው ልጅ ቤት ውስጥ ለአጎቱ ጓደኛ "አንቱ" ካላለ ጆሮው ይቆነጠጣል። ታዲያ እኚህ ሰውዬ ትሪ ስለያዙ ነው አንቱታው የሚቀርባቸው? "ጋሼ፣ ውሃ ቢያመጡልን" ማለት ብር አያስወጣም። እኔ ስሠራ ከማስታውሳቸው ደንበኞች ብዙዎቹ ጉርሻቸው ትንሽ ነበር፤ ስሜን ጠርተው "ዛሬስ እንዴት ዋልሽ" የሚሉ ናቸው። አንድ ሌላ ሰውዬ ደህና አድርገው ይሰጡ ነበር፣ ግን ብሩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ነው የሚያደርጉት። ብሩን አነሣዋለሁ፣ አላነሣውም አልልም። ግን እሳቸው ሲገቡ እርስ በርስ "አንቺ ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ" እንባባል ነበር።

ምግብ ዘገየ የሚለውም ነገር አለ። ለልጅ ርኅራኄ ማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም። ትልቋ ልጄ በአንድ ወቅት "ማሚ፣ በጣም አስጠብቃናለች፣ ለምንድነው የምንሰጣት?" አለችኝ። "ስንት ጠረጴዛ እንደያዘች ቁጠሪ" አልኳት። ቆጠረች። በረንዳው ላይ ያሉትን ረስታ ነበር፤ እነሱንም ጨመረች። ከዚያ ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ አየቻት፣ በባዶ እጇ ነው የወጣችው፤ ማዘዣው አልደረሰም ማለት ነው። ከመሐል አንዱ ደንበኛ ይጮህባታል። ልጄ ምንም አላለችም፤ ምግቡ ሲመጣ ግን ውሃውን ከፊቷ አነሣ አድርጋ ለሳህኑ ቦታ ሰጠቻት። እኔ ለሰዓታት ብመክራት ያን አታደርገውም ነበር። የምር ስንፍና ወይም ንቀት ሲኖር አይሰጥም፣ እሱንም ልጅ ማወቅ አለበት፤ ግን ከመፍረድ በፊት ይቁጠር።

የሊስትሮው ነገር ደግሞ ይለያል፤ እዚያ ልጅ ለልጅ ነው የሚገናኘው። አባት ጫማውን ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ያያል፣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ሊስትሮው በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ያደርጋል፤ እግር ቀይር ማለቱ ነው። ቀለሙን በጣቱ ጠቅ አድርጎ ስፌቱ ሥር ያስገባል፣ በጨርቅ ወዲህና ወዲያ እያለ ያጮኸዋል። ብዙ ጊዜ ከሚያየው ልጅ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ነው የሚበልጠው። እዚህ ላይ ልጅን መልሱን አስይዞ "ስጠው" ማለት ብቻ ያሳፍራል፤ ሁለቱም ያፍራሉ፣ አይቻቸዋለሁ። የእኔ ባል የሚያደርገው ነገር ደስ ይለኛል፤ "ስንተኛ ክፍል ነህ?" ብሎ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ልጃችንን "ንገረው፣ አንተስ?" ይለዋል። ሁለቱ ስለ እግር ኳስ ማውራት ይጀምራሉ። መልሱ ከዚያ በኋላ ሲሰጥ በጓደኛ እጅ እንደተሰጠ ይሆናል። ልጁም ማታ "ለምንድነው እሱ ጠዋት የማይማረው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የለኝም።

በሌላ በኩል ልጆቻችን መቀበልንም ያውቃሉ፣ እኛ ነን የምንረሳው። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ፣ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ይዘው በር ሲያንኳኩ፣ እነሱም ሠርተው የሚጠብቁ ናቸው። ወንድ ልጄ ለአዲስ ዓመት ሥዕል ይዞ ዞሮ ሲመለስ ያወራን የነበረው ስለ አንዲት ጎረቤት ነው። 10 ብር ነው የሰጡት። ግን "ይህን ወፍ አንተ ነህ የሣልከው? ክንፉን በምን ቀባኸው?" ብለው ቡፌው ላይ አቆሙለት። ሌላው ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ 100 ብር በክፍተቱ አቀበለውና ዘጋው። ሥዕሉንም አልተቀበለም። የአክስቱ ልጅ፣ ከእሱ ታናሽ የሆነው፣ መቶ ብሯን ነው የወደዳት፣ አልዋሽም፤ የእኔው ግን "ሥዕሉን እኮ አላየውም" እያለ አኩርፎ ነበር። ይህን ስሜት የሚያውቅ ልጅ አስተናጋጇ ፊት ሲቆም ምን ማድረግ እንዳለበት ለማስታወስ ብዙ ንግግር አያስፈልግም። "የሥዕሉን ቀን አስታውስ" ብትሉት በቂ ነው።

እኛ ስናድግ ደግሞ ማገልገልን ራሱን እንማር ነበር። እንግዳ ሲመጣ እጅ የምናስታጥበው የቤቱ ልጆች ነን። በአንድ እጅ ማንቆርቆሪያው፣ በሌላው ሳህኑ፣ ትከሻ ላይ ፎጣው። ውሃው ለብ ያለ መሆን አለበት፤ ብዙ ካፈሰስሽ ልብሳቸው ይረጥባል፣ ካሳነስሽ ሳሙናው አይለቅም። አንዳንዱ እንግዳ ቶሎ ታጥቦ "እደጊ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ" ይልሻል። ሌላው ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ቀና ብሎም ሳያይሽ፣ እጁን ሲያሽ ክንድሽ ይንቀጠቀጣል። አሁን ብዙ ቤት ቧንቧ አለ፣ ልጆቻችን ከዚህ ተገላግለዋል። እሺ፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን ያዙሩ፣ ስኳሩን ያቅርቡ፣ ሲኒ ይሰብስቡ። ሰውን አገልግሎ የማያውቅ ልጅ ያገለገለውን ሰው ድካም ከየት ያውቀዋል?

አሁን ደግሞ ቴሌብር መጣ። ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሎልናል፣ አልቃወምም። ግን ለዚህ ነገር አስቸጋሪ ሆኗል። ልጅ የሚያየው አባቱ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ሲነሣ ነው፤ ተሰጠ፣ አልተሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ ምኑን ያውቃል። ደግሞ ጉርሻውን ከሒሳቡ ጋር ደምረው ለቤቱ ቁጥር ከላኩት ወደ ባለቤቱ ሒሳብ ነው የሚገባው፣ ለአስተናጋጇ መድረስ አለመድረሱ በእሱ ፈቃድ ነው። ሒሳቡን በስልክ ከፍላችሁ ለጉርሻ የሚሆን የወረቀት ብር ኪሳችሁ ያዙ። ወይም "በምን ልላክልሽ?" ብላችሁ እሷኑ ጠይቁና ቁጥሯን ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ መድረሱንም እሷን ይጠይቃት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ቤት ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም። ይህን ስጽፍ የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ለአስተናጋጇ መቶ ብር ሰጥቶ የተጨበጨበለት ልጅ ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ወርውሮ ያልፋል። ማን ያነሣዋል? ሠራተኛዋ። ብርጭቆ ይሰብራል፣ "እሷ ናት" ይላል፣ እናት ታምነዋለች። ከእሱ በአሥር ዓመት የምትበልጥ ልጅ ናት፣ በስሟ ብቻ ይጠራታል፤ "እህቴ" እንዲላት ያስተማረው የለም። ሁላችን ከበላን በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። በበዓል ቀን ዶሮውን ሠርታ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ ቡናውን አፍልታ፣ ፎቶ ሲነሣ ካሜራውን የምትይዘው እሷ ናት።

እህቶቻችን ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ሄደው የሚደርስባቸውን ስንሰማ እናለቅሳለን። ማልቀሳችን ትክክል ነው። ግን ያቺ ወደዚያ የሄደችው ልጅ ከመሄዷ በፊት የአንዳችን ቤት ሠራተኛ የነበረች ልትሆን ትችላለች፤ እዚያ የሚደረግባትን ግማሹን እዚህ ለምዳው የሄደችም አለች። የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። በእኛ ቤት ውስጥ ሕጉ እኛው ነን ማለት ነው፣ ልጆቻችን ደግሞ ሕጉን በየቀኑ እያዩ ነው የሚያድጉት።

በእኛ ቤት ሁሉም ነገር ያማረ ነው ለማለት አይደለም። አንድ ደንብ ግን አለን፤ የራሱን ሳህን ሁሉም ያነሣል፣ ጫማውንም ሁሉም ያነሣል። ወንድ ልጄ ማንሣት የሚለው ነገር አልጋ ሥር መግፋት ነው፣ ቢሆንም ያነሣል። እሑድ የሠራተኛችን ቀን ነው፤ እሑድ ቡና የሚፈላው በእኔና በልጄ ነው፣ አንዳንዴም ይገነፍላል። እሷ ልብሷን ቀይራ ስትወጣ ልጆቹ "የት ነው የምትሄጂው?" ይሏታል፤ የራሷ መሄጃ ያላት ሰው መሆኗን የሚያውቁት በዚያ ነው። ለበዓል ደግሞ ከሰበሰቡት የእንቁጣጣሽ ብር ላይ እንደፈለጉ ያዋጡላታል። ዘንድሮ ልጄ ለረጅም ጊዜ ከተደራደረ በኋላ ግማሹን ሰጠ፤ ግማሹ ለኳስ ነው። ይሁን።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ያሉ የእህቴ ልጆች ክረምት ላይ ሲመጡ ስልካቸውን አውጥተው 20 በመቶ ያሰላሉ፤ የእኛዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩአቸዋል፣ አንዳንድ ዘመድ ደግሞ "ገበያውን አበላሻችሁት" ይላቸዋል። እዚያ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ቀሪው በጉርሻ ይሞላል ብሎ፤ ቁጥሩ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። ብዙ ክፍለ አገሮች ከዚያ ከፍ አድርገዋል፣ ያላደረጉም አሉ። ሥርዓቱን እዚህ አምጡልን አልልም፤ የአሠሪን ዕዳ ደንበኛ ላይ መጫን ነው። አንድ ነገር ግን ወድጄላቸዋለሁ። ልጆቹ 20 በመቶውን ሲሰጡ ደግ ነገር የሠሩ አይመስላቸውም። ሒሳብ የከፈሉ ነው የሚመስላቸው። አስቀምጠው፣ "ታንክ ዩ" ብለው፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ማጨብጨብ የለ፣ መቅረጽ የለ።

ኪሱ ባዶ የሆነ ወላጅ ምን ያድርግ የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የብዙዎቻችን ደመወዝ ከወር እስከ ወር አይደርስም። ልጆች የልደት ኬክ በልተው ሲነሡ ወለሉን አይታችሁታል? ክሬም ተረግጧል፣ ሶፍት ተበጫጭቋል፣ ድንች ጥብሱ ወንበር ሥር ገብቷል። ልጁ ጎንበስ ብሎ የራሱን ይልቀም። ሳህኖቹን ደራርቦ ዳር ላይ ያስቀምጥላት። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ ሲያልፉ አፍንጫውን መያዙን ይተውና "ደህና ዋላችሁ" ይበል፣ በፀሐይ ቀን አንድ ጆግ ውሃ ያቅርብላቸው። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ስሠራ ግን አንድ ልጅ እንዲህ ካደረገልኝ ቀኔን ሁሉ ያስደስተኝ ነበር።

ሌላው የማይቀረው ክርክር "እኛ ጉርሻ በሰጠን ቁጥር ባለቤቱ ደመወዝ አይጨምርም" የሚለው ነው። እውነት አለው። ቃለ መጠይቅ ላይ "ደመወዙ ይኼ ነው፣ ግን ቲፕ አለው" ተብዬ ነው የተቀጠርኩት፤ ዛሬም እንዲሁ ይባላል ይሉኛል የሚሠሩ ጓደኞቼ። ግን እኔ አሥር ብሬን ብከለክላት ባለቤቱ አይጎዳም፣ የምትጎዳው እሷ ናት። ባለቤቱን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ እናንተም ከእነዚያ አንዱ ናችሁ። ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። በአዋጁ የተጻፈው የደመወዝ ቦርድ ምን ላይ እንደደረሰ ጋዜጠኞቻችሁ የሚመለከተውን ሚኒስቴር ሄደው ይጠይቁልን። ምግብ ቤቶችም በቴሌብር የሚገባውን ጉርሻ እንዴት እንደሚያከፋፍሉ፣ ሳህን አጣቢዋ ስንት እንደሚደርሳት፣ ባለቤቶቹንም ሠራተኞቹንም አነጋግራችሁ ብትጽፉልን። ሠራተኞቹን ስታነጋግሩ ግን ስማቸውንና ፎቷቸውን አታውጡባቸው፤ በማግስቱ ሥራ መግባት አለባቸው።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ